ከስፖንጁ በፊት፦ የአሮጌ ካምፐር ቫን ድምፅ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቀንሳል?

አሮጌ ካምፐር ቫን (መኝታና ምድጃ የተገጠመለት ቫን) በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ለመደማመጥ ይጮኻሉ። ነፋሱ በበሩ ጠርዝ ያፏጫል። ጎማው ከሥር ያጉረመርማል። ከኋላ ደግሞ ድስትና ማንኪያው፣ የምድጃው ፍርግርግ፣ የቁምሳጥኑ በር ሁሉም በየራሱ ይንኳኳል። ከአራት ሰዓት እንዲህ ያለ ጉዞ በኋላ ሾፌሩ ዝሎ ቢወርድ አይገርምም። ያላቋረጠ ጩኸት ሰውን ያደክማል፣ ትኩረቱንም ይበላል።

ብዙ ሰው ታዲያ ሥራውን የሚጀምረው ከግዢ ነው። ጥቅል ስፖንጅ፣ የሚለጠፍ የአሉሚኒየም ንጣፍ፣ ወፍራም ሞኬት ይገዛል። ግድግዳውን ሁሉ ያለብሳል። መኪናው ይከብዳል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ዓይነት ድምፅ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ድምፅ ስለዋለ ነው። ወይም ዋናው ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ አሁንም ክፍት ስለሆነ ነው።

የዴሲቤል ሒሳብ

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም። 70 ዴሲቤል የሆኑ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ 73 ነው የሚሆኑት። ለጆሮ ድምፁ በግማሽ ያህል የቀነሰ እንዲመስል ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ መውረድ አለበት።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ጎማው 75፣ ነፋሱ 65 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። ሁለቱ አብረው 75.4 ይሆናሉ። ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት እንኳ 75 ይቀራል። ይህን ልዩነት በጆሮ መለየት አይቻልም። አንድ ሰው ሁለት ቅዳሜ የመስኮት ላስቲክ ሲቀይር ውሎ “ምንም አልተለወጠም” የሚለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሥራው ትክክል ነበር፤ ተራው ግን አልደረሰም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ከሁሉም የሚበልጠው ድምፅ ነው። እሱ ሲወርድ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ሁለተኛው ይሰማል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ “አዲስ ድምፅ መጣ” ብለው ይደነግጣሉ። አዲስ አይደለም፤ ድሮም ነበር። እንዲያውም መሰማቱ የመጀመሪያው ሥራ እንደተሳካ ይናገራል።

ድምፅ ወደ ውስጥ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአየር ነው፦ በበር ክፍተት፣ በመስታወት፣ በስስ ላሜራ በኩል። ሁለተኛው በብረቱ በራሱ ነው። የጎማው ንዝረት በሻንሲው አልፎ ወለሉን፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል፤ እነሱም በተራቸው ድምፅ ያወጣሉ። ለመጀመሪያው የሚበጀው ለሁለተኛው አይበጅም። ቫን ደግሞ ከሌላ መኪና የሚብስበት ምክንያት አለው። ለጭነት የተሠራ ሳጥን ነው። ሰፋፊና ጠፍጣፋ ላሜራ አለው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የኋላ ጎማዎቹ በቀጥታ ከመኝታው ሥር ናቸው።

ምንጩን መለየት

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሚነዳ ሰው፣ ቀበቶውን አስሮ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው፣ እና ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ሾፌሩ ራሱ አዳማጭ አይሁን።

ፍጥነቱን ሳትቀይሩ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ አስፋልት ስትገቡ ድምፁ ፈጥኖ ከወረደ ዋናው ጥፋተኛ ጎማው ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ማርሽ ቀይራችሁ ድምፁ ከተለወጠ ሞተሩ ወይም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ነው። ነፋስ ከፊት ወይም ከጎን ሲመጣ ከጨመረ፣ ከ80 በላይ ሲሆንም በድንገት ከበረታ፣ ነፋሱ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ የሚያጉረመርም፣ በኩርባ ላይ ግን የሚጨምር ወይም የሚጠፋ ድምፅ ከተሰማ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ማረፊያ) መፈተሽ አለበት። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ተጠራጠሩ። ኩሽኔታ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በድምፅ መከላከያ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕ ለዚህ ይጠቅማል። ቁጥሩ ትክክለኛ ላይሆን ይችላል፤ ልዩነቱን ግን ደህና አድርጎ ያሳያል። ሁልጊዜ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ማርሽ ይሁን። ስልኩም ያው ቦታ ይቀመጥ፣ አስፋልቱም ደረቅ ይሁን። እርጥብ አስፋልት ላይ የጎማ ድምፅ ስለሚጨምር ንጽጽሩ ይበላሻል።

ጎማ

በትላልቅ መንገዶች ፍጥነት ላይ ብዙ ጊዜ ትልቁ ምንጭ ጎማ ነው። ድምፁም በ1000 ኸርዝ (በሴኮንድ 1000 ንዝረት) አካባቢ ይከማቻል፤ ይህ የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማበት ክልል ነው። ካምፐር ቫን ዓመቱን ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ የመንገዱን ሻካራነት ሳያለሰልስ ወደ ላይ ያስተላልፋል። በጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 2316 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

እጃችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ አሂዱ፤ ከዚያ መልሱት። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በመልሱ ግን የሚያደናቅፍ ከሆነ ጥርሶቹ ባልተስተካከለ መንገድ ተበልተዋል። እንዲህ ያለ ጎማ እንደ ተበላሸ ኩሽኔታ ይጮኻል፤ ብዙዎችንም ያሳስታል። መነሻው ብዙ ጊዜ የተዛባ አላይመንት ወይም ያረጀ ሾክ አብዞርበር ነው። እነሱ ሳይስተካከሉ አዲስ ጎማ ቢገባ እሱም ያው ይሆናል።

አዲስ ስትገዙ ለጭቃ የተሠራ ሰፋፊ ጥርስ ያለውን ጎማ ካላስፈለጋችሁ ተዉት። በአስፋልት ላይ ጩኸቱ ከፍተኛ ነው። በአውሮፓ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎማ ላይ በሚለጠፈው ምልክት የድምፁ ዴሲቤል ይጻፋል። የሚለካው ከመኪናው ውጭ ያለው ድምፅ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ጎማዎችን ለማወዳደር ይረዳል። ግን አንድ ነገር አይረሳ። ለድምፅ ብሎ ክብደት የመሸከም ደረጃው ዝቅ ያለ የቤት መኪና ጎማ በቫን ላይ መግጠም አደጋ ነው። የነፋስ መጠኑም በአምራቹ ሠንጠረዥና በትክክለኛው ክብደት ይወሰን። ከሚገባው በላይ የተነፋ ጎማ ይነጥራል፣ ይጮኻልም። ጸጥታ ለማግኘት ብሎ ከሚገባው በታች ማድረግ ደግሞ ጎማውን ያግለዋል፣ ሊያፈነዳውም ይችላል።

ነፋስና ክፍተት

የነፋስ ድምፅ ከፍጥነት ጋር የሚያድግበት መንገድ አስገራሚ ነው። ኃይሉ በግምት በፍጥነቱ ስድስተኛ ርቢ ያድጋል። ከ110 ወደ 90 ስትወርዱ የነፋሱ ድምፅ ወደ 5 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አንድም ዕቃ ሳይገዛ ይህን የሚያህል ቅናሽ የሚሰጥ ሌላ ነገር የለም። በአሮጌ ቫን ላይ ፍጥነት መቀነስን እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም፤ ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ጣሪያው ተመልከቱ። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ የተጠቀለለ የፀሐይ መከላከያ ድንኳን፣ የአየር ማስገቢያ ክዳን፣ መሰላል፣ አንቴና፤ እነዚህ ሁሉ ነፋሱን ይቆርጣሉ። ነፋስ ክብ ዘንግን ሲያልፍ ከኋላው በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ የሚላቀቁ ሽክርክሪቶች ይፈጠራሉ። ፉጨቱ የእነሱ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ280 ኸርዝ አካባቢ ያጉረመርማል። 6 ሚሊ ሜትር አንቴና ደግሞ ከ900 በላይ ወጥቶ ያፏጫል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በዘንጉ ላይ ገመድ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ እንደ ጥምዝ መጠቅለል ሽክርክሪቶቹ በአንድነት እንዳይላቀቁ ያደርጋል። የማትጠቀሙበትን ፖርቶመጋላ ማውረድ ግን ከዚህም ይሻላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ከዚያ በኋላ በሮቹ። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ግድግዳው ቢወፍርም ይገባል። ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶው ብቻ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው 99 በመቶ ምንም ያህል ቢጠነክር ጠቅላላው መከላከያ ከ20 ዴሲቤል አይበልጥም። ውድ ንጣፍ ከመለጠፋችሁ በፊት የበር ጎሚኒ (በበሩ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ላስቲክ) እንድታዩ የምጎተጉተው ለዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በሩና በአካሉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ እዚያ ቦታ ጎሚኒው አይጨብጥም። በዙሪያው እየተዘዋወራችሁ ድገሙት። ማታ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ መብራት ቢያበራና ሌላው ከውጭ ቢያይም ይታወቃል። የነፋሱን ቦታ ለይቶ ለመያዝ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ውሰዱ። የበርና የመስኮት ጠርዞችን፣ የስፖኪዮውን ሥር፣ የጣሪያ ክዳኑን ጠርዝ በሙሉ ከውጭ ለጥፉ። ሾፌሩ የሚወጣበት በር ግን በቀላሉ መከፈት አለበት። ነድታችሁ ድምፁ ከቀነሰ እየቆማችሁ አንድ አንዱን አንሱ። ፉጨቱ የተመለሰበት ላይ ቁሙ፤ ተገኘ ማለት ነው።

ጎሚኒው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ወዲያው አይጣልም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የበሩ ማጠፊያ መውረድ ወይም የመቆለፊያው ቦታ መዛባት ነው። የጎን ተንሸራታች በር በተለይ ሮለሮቹ ሲያረጁ ወደ ውስጥ በሚገባ አይጠጋም። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ጎሚኒው ደርቆ ከሆነ አጽድታችሁ የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። የሞተር ዘይትና ግራሶ ግን አይነካው፤ አብዛኛው የበር ላስቲክ በእንዲህ ያለ ዘይት ያብጣል፣ ይበላሻልም። የተሰነጠቀና ተጨፍልቆ የቀረ ከሆነ ብቻ ቀይሩ። ስትቀይሩም ቅርጹና ውፍረቱ ለዚያው በር የተሠራ ይሁን። “ወፍራሙ ይሻላል” ብሎ የገጠመ ሰው በሩን መዝጋት ያቅተዋል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ላንሳ። አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት ጆሮን የሚመታ “ዉብ ዉብ” የሚል ግፊት አለ። የመኪናው አየር በሙሉ በአንዱ ክፍት በኩል ሲወዛወዝ የሚፈጠር ነው። ሌላ መስኮት ጥቂት ከፈት ሲደረግ ይጠፋል።

ላሜራው ሲጮህ

አሁን ነው የንጣፉ ተራ። ላሜራውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድምፁ ረዘም ብሎ የሚያስተጋባ ከሆነ ያ ላሜራ በጉዞ ላይም ራሱን የቻለ ድምፅ ማጉያ ነው። ለዚህ የሚሆነው ከቡቲል ላስቲክ የተሠራ፣ ላዩ አሉሚኒየም የሆነ የሚለጠፍ ንጣፍ ነው። ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ቡቲሉ በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል ይለጠጣል፤ የንዝረቱ ጉልበትም ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል። ከለጠፋችሁ በኋላ ስታንኳኩ “ዱብ” ብሎ ይቆማል።

ብዙ ገንዘብና ክብደት የሚባክነው እዚህ ነው። ሙሉ ላሜራውን መሸፈን አያስፈልግም። ከሩብ እስከ ግማሹን፣ በተለይ ይበልጥ የሚንቀጠቀጠውን መሐሉን መሸፈን አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣል። ዋናው ነገር አለጣጠፉ ነው። ብረቱ በአልኮል ይጽዳ፣ ዝገት ካለ ይፈቅፈቅ። ንጣፉም በትንሽ ብረት ሮለር በኃይል ይጫን፤ ከሥሩ አየር የቀረበት ቦታ አይሠራም። ለቤት ጣሪያ የሚሸጠውን የሬንጅ ንጣፍ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ። መኪናው በፀሐይ ሲግል ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይወድቃልም።

ከየት ይጀመር? ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ወደ ውስጥ አብጦ ከሚታየው ላሜራ። ብዙ ካምፐር ውስጥ እሱ ከቁምሳጥን ወይም ከአልጋ ሥር ራቁቱን ተቀምጧል፤ የጎማው ድምፅም በቀጥታ የሚገባው በእሱ ነው። ቀጥሎ የጋቢናው ወለል፣ ከዚያ ተንሸራታቹ በር። ሞተሩ ያለበትም ቦታ ተራውን ይወስናል። እንደ አሮጌዎቹ ቶዮታ ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ከሆነ የሞተሩ ክዳንና የክዳኑ ጎሚኒ ከሁሉም ይቀድማሉ። እንደ ቮልስዋገን ቲ3 ከኋላ ከሆነ ደግሞ ከአልጋው ሥር ያለው የሞተር መክደኛ ነው የሚታየው።

ንጣፉ ንዝረት ይገድላል እንጂ በአየር የሚመጣን ድምፅ ብዙም አያግድም። ለዚያ የሚያስፈልገው ክብደት ነው። የግድግዳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ በግምት 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ብረት በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ የሆነ ከባድ የላስቲክ ምንጣፍ በቀጥታ ብትለጥፉበት የምታገኙት ወደ 4 ዴሲቤል ነው። በመካከላቸው ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ስፖንጅ ካስገባችሁ ግን ሁለቱ ይነጣጠላሉ፤ በቀጫጭን (ኸርዛቸው ከፍ ባለ) ድምፆች ላይ ውጤቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ለወለሉ ይህን ነው የምመርጠው። መጋጠሚያዎቹ ተደራርበው ይዘጉ፤ ክፍተት ከቀረ የ1 በመቶው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ስፖንጁስ? ድምፅ የሚመጥ ነገር የሚሠራው ውፍረቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን ነው። 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሩቡ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ5 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ የጎማን ጩኸት ማጥፋት የማይቻለው ለዚህ ነው። በግድግዳው ክፍተት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር የፖሊስተር ጥጥ ወይም የበግ ሱፍ ቢገባ ይረዳል። ለሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ደረቅ የፎም ሰሌዳ ግን ድምፅ አይመጥም፤ ቀዳዳዎቹ ዝግ ናቸው። ካምፐር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ፍራሹ፣ ትራሱ፣ መጋረጃው ሁሉ ድምፅ ይመጥጣሉ። ከጋቢናው ኋላ ወለሉን የሚነካ ከባድ መጋረጃ መስቀልም የኋላውን ጫጫታ ከሾፌሩ ያርቃል፤ የኋላ እይታን እንዳይጋርድ ብቻ ይታሰብበት።

በጣም ወፍራሙ፣ ደረት ላይ የሚሰማው ጉምታ የተለየ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የመኪና ውስጥ አየር በ34 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ያስተጋባል። ይህን ምንም ስፖንጅ አይነካውም። ስልኩም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ አብዛኞቹ መለኪያዎች ለወፍራም ድምፅ ትንሽ ነጥብ ይሰጣሉ። መነሻው ብዙ ጊዜ ያረጀ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚያርፍበት ላስቲክ) ወይም ሻንሲውን የሚነካ ማርሚታ ነው። እዚያው ነው የሚጠገነው።

የማንኪያና የሳህኑ ነገር አጭር ነው። መሳቢያ ውስጥ ጨርቅ፣ በሳህኖች መካከል ስስ ስፖንጅ፣ በቁምሳጥን በሮች ጠርዝ ላይ ፌልት (የተዳመጠ ወፍራም ጨርቅ)። የምድጃው ፍርግርግ በጉዞ ጊዜ ተነሥቶ ፎጣ ይጠቅለል። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው፤ እፎይታው ግን ትልቅ ነው።

የማይነኩ ነገሮች

ጋዝ ያለበት ካምፐር ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። የምድጃ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ በእነሱ ወርዶ እንዲወጣ ነው የተሠሩት። የጣሪያና የግድግዳ ቋሚ አየር ማስገቢያዎችም እንዲሁ ለሕይወት ናቸው። በእነሱ በኩል የመንገድ ድምፅ ይገባል፤ ይግባ። አንዱም አይደፈን። ማርሚታ እያፈሰሰ ከጮኸም መጀመሪያ ይጠገን። በድምፅ መከላከያ የተሸፈነ ማርሚታ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ወደ መኝታው ሊያስገባ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌላችሁ ከንጣፉ በፊት እሱን ግዙ።

ከበሮቹ ግርጌ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸው። በንጣፍ ከተዘጉ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። የሚነፋ ፎም በሻንሲ ባዶ ቦታዎች ውስጥ መርጨትም እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

የመጨረሻው ክብደት ነው። 10 ካሬ ሜትር ከባድ ምንጣፍ ብቻውን 50 ኪሎ ይሆናል። አሮጌ ካምፐር ውሃው፣ ጋዙ፣ ጓዙና ሰዉ ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ቀድሞውንም ከተፈቀደው ክብደት ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ሙሉ ጭኑት፣ ሚዛን ላይ አውጡት፣ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ። የጎማውን ነፋስም በዚያ ቁጥር አስተካክሉ።